ለትምህርት ሚኒስቴር፦ የሒሳብ መምህሩን በእኔ ሚዛን አትመዝኑብን

ይድረስ በትምህርት ሚኒስቴር የከፍተኛ ትምህርትና የምርምር ጉዳይ ለሚመለከታችሁ ኃላፊዎች፤

የኅብረተሰብ ጤና መምህር ነኝ። ኤች-ኢንዴክሴ፣ ማለትም ጽሑፎቼ በሌሎች ምን ያህል እንደተጠቀሱ የሚለካው ቁጥር፣ 21 ነው። ማኪያቶ አብሮኝ የሚጠጣው የሒሳብ መምህር ደግሞ 4 አለው። የምጽፍላችሁ ስለ እሱ 4 እንጂ ስለ እኔ 21 አይደለም።

አንድ ጊዜ የማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ ነበር። የአመልካቾቹ ስም በኤክሴል ተደርድሮ ግድግዳው ላይ በራ። ስም፣ ዲፓርትመንት፣ የጽሑፍ ብዛት፣ ሳይቴሽን (ሌሎች የጠቀሱት ብዛት)፣ ኤች-ኢንዴክስ። አንዱ አባል «ከትልቅ ወደ ትንሽ አድርጉትማ» አለ። የጤና ሰዎች ወደ ላይ ወጡ፤ የሒሳብና የቋንቋ ሰዎች ታች ወረዱ። ወዳጄ ከሁሉም በታች ነበር። ጽሑፉን የከፈተ ሰው አልነበረም። እኔም አልከፈትኩም፤ ብከፍተውም አንድ መስመር አይገባኝም።

ይህን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ2005 ያመጣው ሆርሄ ሂርሽ የሚባል የፊዚክስ ሊቅ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፦ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 10 ጊዜ የተጠቀሱ 10 ጽሑፎች ካሉህ ቁጥርህ 10 ነው። ሰውየው ግን እዚያው ጽሑፉ ላይ የባዮሎጂ ሰዎች ቁጥር ከፊዚክስ ሰዎች ከፍ እንደሚል ጽፏል። አንድ ቁጥር ብቻውን ሰውን በደንብ ሊያሳይ እንደማይችልም አልሸሸገም። እኛ ቁጥሩን ወስደን ማስጠንቀቂያውን ተውነው።

የእኔ 21 ከየት መጣ? ከፊሉ ላቤ ነው። ከፊሉ ግን ጂቢዲ ከሚባለው የዓለም የበሽታ ጫና ጥናት የመጣ ነው። ማስተባበሪያው ሲያትል፣ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ከአገራችንም ብዙ የጤና ተመራማሪዎች ይሳተፉበታል። አንዱ ጽሑፍ ላይ የመቶዎች ስም ይሰፍራል። ላንሴት የሚባለው ታዋቂ የሕክምና ጆርናል ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ሳይቴሽኑ እንደ ክረምት ዝናብ ይወርዳል። ሥራው ትልቅ ነው፣ አልክድም። የእኔ ድርሻ ግን ረቂቁን አንብቦ ጥቂት ኮሜንት መላክ ነበር።

ወዳጄ ሦስት ዓመት አንድ ጥያቄ ላይ ተቀምጦ፣ ብቻውን፣ አንድ ጽሑፍ ያወጣል። በሒሳብ የጸሐፊው ቁጥር ትንሽ ነው፤ የዋቢው ዝርዝርም አጭር ነው። አንድ ጽሑፍ ዓመታት ቆይቶ መጠቀስ ቢጀምር ማንም አይገረምም። በእኛ ዘርፍ ዋቢው ራሱ ገጽ ይሞላል፤ ስለዚህ ሁላችንም እርስ በርስ እንጠቃቀሳለን።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ጽሑፉን በዚያው ዓመት በዚያው ዘርፍ ከወጡት ጋር አነጻጽሩት። ለምሳሌ የሒሳቡ ጽሑፍ 6 ጊዜ ተጠቅሶ የዘርፉ አማካይ 3 ከሆነ 2 ያገኛል። የጤናው 20 ጊዜ ተጠቅሶ አማካዩም 20 ከሆነ 1 ብቻ ነው። ቅድም ታች የወረደው ሰው ላይ ወጣ ማለት ነው። በብዙ ሰው የተጻፈ ሲሆን ደግሞ «አንተ ምኑን ሠራህ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

ይህም ለሁሉም አይሠራም። በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ስለ ሰዋስው የሚጽፍ ሰው ሳይቴሽን ከሚቆጠርበት የጽሑፎች መዝገብ፣ ከስኮፐስ ላይ፣ ጭራሽ የለም ማለት ይቻላል። የአገር ውስጥ ጆርናልንም አትናቁብን። ዶ/ር አክሊሉ ለማ አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ናቸው። የእንዶድን ነገር መጀመሪያ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1965 በኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናል ነው። ዛሬ ያ ጽሑፍ ለዕድገት ቢቀርብ «ኢምፓክት ፋክተሩ ስንት ነው?» ብሎ የጆርናሉን አማካይ ሳይቴሽን የሚጠይቅ አይጠፋም።

የምትሉኝን አውቃለሁ። ቁጥር ባይኖር ዕድገቱ በትውውቅ ይሆናል። እውነት ነው፤ ኮሚቴ ውስጥ «የእኛ ልጅ ነው» የሚለውን ሹክሹክታ ሰምቻለሁ። ቁጥር ያንን አፍ ስለሚዘጋ እኔም እወደዋለሁ። ግን ሰዉም ቁጥሩን የሚያሳድግበትን ዘዴ ለመደው። ገንዘብ ከፍሎ በሳምንት የሚታተምበትን ጆርናል የማያውቅ መምህር አለ? ቁጥሩ ይቅር አላልኩም። ከጎኑ አመልካቹ የሚመርጣቸው ሦስት ሥራዎች ይቀመጡ፤ አመልካቹን የማያውቅ የዘርፉ ሰው፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ወይም ከውጭ ካሉት የአገራችን ምሁራን፣ ያንብባቸው። አበሉ ለአንድ ቀን ስብሰባ ከሚወጣው አይበልጥም።

የምጠይቀው መመሪያ ነው፦ የተለያየ ዘርፍ ሰዎች በአንድ ኤክሴል እንዳይደረደሩ የሚያዝ። እናንተ ካልጻፋችሁት ዩኒቨርሲቲዎቹ በራሳቸው አይጀምሩትም።

ይህን ልጽፍ ስቀመጥ የወዳጄን ገጽ ከፍቼ አየሁት። 5 ገብቷል። ነግሬው ማኪያቶውን እሱ ከፈለ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኅብረተሰብ ጤና መምህር