ያያ የምትልከኝ መንገድ

ካፔሶቮ፣ ግሪክ
ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከረምሽ እማዬ? ጉልበትሽስ? ዝናቡ በረታባችሁ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም። ታናሼ፣ ስታነብላት ቀስ ብለህ፤ ያለፈውን ደብዳቤ ግማሹን ዘለህ እንዳነበብክ ሰምቻለሁ።

ባለፈው ስንደዋወል ፎቶውን አይተሽ “ሥራ ነው የያዝሽው ወይስ ተራራ ለተራራ መዞር?” ብለሽ ሳቅሽብኝ። ኔትወርኩ ተቋረጠና ሳልመልስልሽ ቀረሁ። ይኸው አሁን ልመልስ።

አቴና የማስታምማት አሮጊት አለች ብዬሽ የለ? ያያ ነው የምላት፤ በነሱ ቋንቋ አያት ማለት ነው። ዘጠና ዓመት ሞልቷታል። አፏ የወጣት ነው፣ እግሯ ግን እምቢ ብሏታል። ሐምሌና ነሐሴ እናንተ ጭቃ ስትረግጡ እዚህ በጋ ነው፤ ልጆቿ ወደ ትውልድ አገሯ ይዘውን ይመጣሉ። አገሩ ዛጎሪ ይባላል። በግሪክ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ አልባኒያ ድንበር የተጠጋ ተራራማ አገር ነው። 46 መንደሮች አሉት። ግድግዳው ድንጋይ፣ ጣሪያው ድንጋይ፣ መንገዱም ድንጋይ። በረዶ ሲወርድ ጥቂት ሽማግሌዎች ብቻ ይቀራሉ፤ ወጣቱ ከተማ ገብቷል።

የያያ ነገር እንዲህ ነው። ጠዋት ቡናዋን ትጠጣና ወለሉን በከዘራዋ መታ መታ ታደርጋለች። መጠራቴ ነው። “ዛሬ እስከ ምንጩ ውረጂ። ውሃው ይፈሳል? ገንዳው ደህና ነው? አይተሽ ንገሪኝ።” ከሰዓት በኋላ ልጇ ስለምትቀመጥላት እኔ እሄዳለሁ። ስመለስ ምርመራ ነው፤ ፖሊስ ጣቢያ የገባሁ ነው የሚመስለኝ። “ከመታጠፊያው በግራ ያለው የፕሪም ዛፍ አለ?” አላየሁም ካልኩ በማግስቱ ተመልሼ ነው። ሥራዬ ይኼ ሆኗል እልሻለሁ። እሷ የማትደርስበትን አይቼ መምጣት።

መንገዱ ደግሞ የዋዛ አይደለም። በድንጋይ የተነጠፈውን የእግር መንገድ ካልደሪሚ ይሉታል። ከካፔሶቮ ወደ ቭራዴቶ የሚወጣው ከሁሉም ይበልጣል። ቭራዴቶ የዛጎሪ ከፍተኛዋ መንደር ናት፣ 1,340 ሜትር ላይ ተሰቅላለች። ወደሷ የሚወጣው ገደሉን ተለጥፎ፣ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ነው፤ ደረጃው ከሺህ ያልፋል። መታጠፊያውን ልቆጥር ጀምሬ ትንፋሼ ሲያጥር ቁጥሩ ጠፋኝ። እያንዳንዱ ደረጃ ጫፉ ላይ ቀጥ ብሎ የተተከለ ድንጋይ አለው። ጎንበስ ብዬ በእጄ ዳሰስኩት። መሐሉ ልክ እንደ ወፍጮሽ መጅ ለስልሷል። ለካ በቅሎዋ ሰኮናዋን አስደግፋ እንዳትንሸራተት ነው የተሠራው። ቭራዴቶ የመኪና መንገድ የገባላት በፈረንጆች 1973 ነው። ከዚያ በፊት ጨውም፣ ሬሳም፣ ሙሽራም በዚህ ነበር የሚያልፈው። ያያ ራሷ ከቭራዴቶ በበቅሎ ተጭና፣ ሙሽራ ሆና ነው የወረደችው። “ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፤ ሰዉ ግን አፍራ ነው ብሎ አሰበ” ትላለች።

ዛሬ የሚወጡበት ፈረንጆች ናቸው። ቦርሳ አዝለው፣ በሁለት እጃቸው ሁለት ዱላ ይዘው። የሚሸጡት የለ፣ የሚገዙት የለ፣ ለቅሶ አይደርሱ። ዝም ብሎ መሄድ ነው! እንዳይጠፉ ድንጋዩና ዛፉ ላይ ምልክት ተቀብቶላቸዋል። በፈረንጆች 2023 ዩኔስኮ አገሩን ከመዘገበው ወዲህ ስሙ ይበልጥ ገነነ። መጀመሪያ እንዳንቺው ሳቅሁባቸው። አሁን ግን እኔም ያያ ሳትልከኝ አንዳንዴ እወጣለሁ፤ ለማንም እንዳትናገሪ።

ከቭራዴቶ ትንሽ ሲኬድ ቤሎይ የሚሉት ቦታ አለ። እዚያ ስትደርሺ መሬቱ ድንገት ያልቅብሻል። ከታች የቪኮስ ገደል ነው፣ 900 ሜትር ግድም ይወርዳል። ጊነስ ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር የዓለም ጥልቁ ገደል ብሎ መዝግቦታል። አጠገቤ የነበረች ፈረንጅ አፏን ይዛ ቀረች። እኔ ግን ከሞጣ አዲስ አበባ ስሄድ አባይ በረሃን በአውቶቡስ የወረድኩ ነኝ፤ በፌስታል እያስመለስኩ። እንዲያም ሆኖ ልቤ አልደነገጠም ብል ውሸት ነው። የኛ ሰፊ ነው፣ እያዘጋጀሽ ነው የሚወርድ። ይኼ ግን በቢላ የተቆረጠ ዳቦ ነው።

ድሮ ከዚህ ገደል ሥር ምሰው ቅጠል በጥሰው ሩቅ አገር ድረስ እየዞሩ የሚያክሙ ሰዎች ነበሩ። የቪኮስ ሐኪሞች ይሏቸዋል። አሁን የቀረው የተራራ ሻይ ነው። እኛ ጦስኝ እንደምናፈላው እነሱም ደረቁን ከነአገዳው አፍልተው ይጠጡታል። ላንቺ አንድ እሽግ አስቀምጫለሁ፤ ሰው ሳገኝ እልካለሁ። ለጉንፋን ጥሩ ነው ይላሉ፣ ጣዕሙ ግን ከጦስኝ አይደርስም።

አሁን ደግሞ አባባን ወዳስታወሰኝ ነገር ልምጣ። ባለፈው ሳምንት በኩኩሊ በኩል እስከ ኮኮሪ ድልድይ ወረድኩ። አንድ ቅስት ብቻ ነው፣ በሁለት ቋጥኝ መሐል ቀጭን ሆኖ ተወጥሯል። በፈረንጆች 1750 የቭራዴቶ ተወላጅ የሆነ ኑትሶስ ኮንቶዲሞስ የሚባል ባለጠጋ ነው ገንዘቡን ሰጥቶ ያሠራው። እላዩ ላይ ቆሜ አባይ ላይ ያለውን የኛን ሰባራ ድልድይ አሰብኩ። አባባ ወዲያ ማዶ ገበያ ሲሻገር በገመድ ተጎትቶ ማለፉን እየነገረን አንቺ በድንጋጤ ታማትቢ ነበር። ያንን ለያያ ነገርኳት። “ለምን ተሰበረ?” አለች። “በጣሊያን ጊዜ፣ እንዳይሻገር አርበኞች ሰበሩት” አልኳት። ቀና አለች። “ጣሊያን እናንተም ጋ መጥቷል?” ያን ቀን ምሳው ቀዘቀዘ። እነሱን ጣሊያን የወረራቸው በ1940፣ ኦክቶበር 28 ቀን፣ በነዚሁ የፒንዶስ ተራሮች በኩል ነው። በቅሎ ማለፍ ያቃታት ቦታ ላይ የፒንዶስ ሴቶች የጥይት ሳጥን በጀርባቸው አዝለው ለወታደሩ ያደርሱ ነበር። የያያ እናትም አንዷ ናት። “በምን አዘለችው?” ብዬ ጠየቅኋት። በገመድ ትከሻዋን አስራ አሳየችኝ። ማገዶ ስታመጪ የምታስሪው አስተሳሰር ነው፣ ቁርጥ አንቺን።

ከመንደሩ በላይ ደግሞ የማይነካ ጫካ አለ። በድሮ ጊዜ አንድ ቅርንጫፍ የቆረጠ ይወገዛል። ናዳውንም በረዶውንም ከቤቶቹ ላይ የሚመልሰው እሱ ነው፤ ቄሶቹም በውግዘት አጠሩት። እዚያ ስገባ የሞጣ ጊዮርጊስን ደን ሽታ አገኘሁት መሰለኝ። ነጠላ አለመልበሴ አሳፈረኝ።

ፍልሰታን ከጠየቅሽኝ እየፆምኩ ነው። የነሱ ከኛ ሳምንት ቀድሞ ያልቃል። በዓሉ ባለፈው ዓርብ ነበር፣ አደባባዩ ላይ ክላርኔት ሲነፋ አድሮ እንቅልፍ ነሳኝ። ቅዳሜ የያያ ልጅ ዱቄት፣ እንቁላልና አይብ በጥብጣ ስስ ፒታ ጋገረች። ሽታው! ያያ “ማርያም አንድ ናት፣ ብዪ” ትለኛለች። አንድ ናት፣ ቀኑ ግን ሁለት ነው አልኳት።

እንዳትሰጊ ብዬ ያልነገርኩሽ አንድ ነገር አለ። ሐምሌ ላይ የእረኛ ውሾች ከበቡኝ። ጥጃ የሚያክሉ፣ ሦስት። መሮጥ እንደሌለብኝ አውቃለሁ። ጎንበስ ብዬ ድንጋይ የማነሳ መሰልኩ። ወዲያው ወደ ኋላ አሉ። የግሪክ ውሻም ያችን ቋንቋ ያውቃል። ኋላ እረኛው አፏጨ፣ ሄዱ። እግሬ ግን እስከ ቤት ድረስ እየተንቀጠቀጠ ነበር።

ብር ልኬያለሁ፤ ለቆርቆሮው ነው። ለሌላ እንዳይውል። ታናሼ፣ ይቺንም እንዳትዘል።

ትናንት ማታ ያያ ጠየቀችኝ። “አንቺስ? ከእናትሽ በር እስከ ምንጩ ምን ምን አለ?” ጀመርኩላት። አጥሩ፣ ባሕር ዛፎቹ፣ የቆሎ ሻጯ ቤት… ከዚያ ወደ ግራ ነው ወደ ቀኝ? ጠፋኝ። እማዬ፣ አሥራ አንድ ዓመት እኮ ነው። ያያ ከዘራዋን መታ መታ አደረገች። “ሂጂና እይ” አለች። የመኖሪያ ወረቀቴ ገና እንዳላለቀ ታውቃለች፤ ግን አፏ አያርፍም።

ስለዚህ ታናሼ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ከበራችን ተነሥተህ እስከ ምንጩ ውረድ። የት እንደሚታጠፍ ጻፍልኝ። ሾላው ቆሟል? ልብስ የምናጥብባት ጠፍጣፋ ድንጋይስ? አንድ ጎኗ የተሸረፈው። ፎቶ አንሥተህ ብቻ አትላክልኝ፣ ያያ ዓይኗ ፎቶ አይለይም። በቃል ነው የምነግራት።

ለጎረቤቱ ሁሉ ሰላም በዪልኝ።

ልጅሽ