ለደንበኞቻችን፦ የቅዳሜው የእግር ጉዞ ለምን 12 ሰው ብቻ ሆነ?

ደብረ ብርሃን፣ ጥቅምት 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልኝ።

ጥቅምት 15 ቅዳሜ ጠዋት፣ ጭላዳ የሚባለውን የደጋ ዝንጀሮና ወፎችን ለማየት ወደ ገደሉ አፋፍ በምንወጣበት ጉዞ፣ ሦስት ቤተሰቦች ሚኒባሱ አጠገብ ከደረሱ በኋላ «ቦታ ሞልቷል» ተብለው ተመልሰዋል። አንዷ እናት ሁለት ልጆቿን በጋቢ ጠቅልላ ነበር የመጣችው። የደብረ ብርሃንን የጥቅምት ብርድ ታውቁታላችሁ። ልጆቹ ሲያለቅሱ እኔም እዚያው ቆሜ አይቻለሁ። አዲሱን ደንብ (በአንድ ጉዞ 12 ሰው ብቻ፣ ዋጋው ከ300 ወደ 450 ብር፣ ሜዳው ላይ ቁርስ የለም) ያሳወቅነው ሐሙስ ማታ፣ ያውም በቴሌግራም ብቻ ነበር። ይሄ የእኛ ጥፋት ነው። ይቅርታ እንጠይቃለን።

ደንቡን ግን አናነሳም። ምክንያቱን እስከ መጨረሻው ብታነቡልኝ ደስ ይለኛል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ መልእክት ደርሶኛል። «ሀብታም ስታገኙ እኛን ረሳችሁን» ያለኝ አለ። «ዋጋ ጨምራችሁ ቁርሱንም ቆረጣችሁት» ያለችም አለች። ለስድስት ዓመት አብሮን የተጓዘ አንድ አስተማሪ ደግሞ ምንም ሳይል ከግሩፑ ወጣ። ከሁሉም ያመመኝ የእሱ ዝምታ ነው።

ብዙዎቻችሁ ታሪኬን ታውቁታላችሁ፤ ለአዲሶቹ ልንገራችሁ። ያደግሁት በአንኮበር መንገድ፣ ገደል አፋፍ ላይ ነው። በልጅነቴ ሥራዬ ገብስ መጠበቅ ነበር። ወንጭፍ ይዤ ማሳ ዳር እውላለሁ። ጭላዳ ከገደሉ ብቅ ሲል ድንጋይ እለቅበታለሁ። ከተመታው ሁሉ አንዳንዱ አንክሶ ሲሄድ አይቻለሁ፤ ያኔ አያሳዝነኝም ነበር። ለእኛ ቤት ጭላዳ ሌባ ነው፣ በቃ።

ካደግሁ በኋላ አንድ ወፍ ሊያይ የመጣ እንግዳ መንገድ ሳሳየው ባይኖኩላሩን አቀበለኝ። አንዲት ጭላዳ ልጇን ጀርባዋ ላይ አዝላ ሣር ትነጫለች። በጣቶቿ አንድ አንዱን እየለቀመች፣ ሴት የሽሮ እህል እንደምትለቅም። ዕድሜ ልኬን ከአጠገቡ ኖሬ አይቼው የማላውቅ ነገር ነበር። በ2010 ይህን ሥራ ስጀምር የነበረኝ አንድ ባይኖኩላርና ከወንድሜ የተበደርኩት 8 ሺህ ብር ነው። በመጀመሪያው ቅዳሜ አምስት ሰው መጣ። ሁለቱ ዘመዶቼ ነበሩ።

አሁን ወደ ነገሩ ልምጣ።

ባለፈው ዓመት ኅዳር 46 ሰው ይዘን ወጣን። ደስ ብሎኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ኮርቼ ነበር። አስጎብኚዎቹ ሁለት ብቻ ነን። እኔ ፊት ሆኜ ስናገር ከኋላ ያሉት አይሰሙኝም። ቁርስ ሰዓት ላይ አንድ ሰው ለጭላዳዎቹ ዳቦ ወረወረ። ከዚያ ሌላው ቀጠለ፣ ከዚያ ልጆቹ። በመጨረሻ አንድ ትልቅ ወንድ ጭላዳ መጥቶ የአንዲት ሕፃን ቦርሳ ከእጇ ላይ ነጥቆ ሄደ። ልጅቷ ምንም አልሆነችም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ብዙ ሰው ቪዲዮ አነሳ፣ ተሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የማሳው ባለቤት ጠሩኝ። የአባቴ እኩያ ናቸው። ገብሱ ደርሶ ነበር፤ ከመንገዱ በኩል ያለው ግን ተረጋግጦና ተበልቶ መሬት ላይ ተኝቷል። ግማሹን ያበላሹት ጭላዳዎቹ፣ ግማሹን ፎቶ ለመነሳት የገቡት የእኛ ሰዎች ናቸው። «ልጄ፣ እናንተ ዳቦ ታስለምዱታላችሁ፣ ዕዳውን እኔ በገብሴ እከፍላለሁ» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጭላዳ ከኢትዮጵያ ውጭ በዓለም የትም የለም። ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን በዋናነት ሣር ግጦ የሚኖር እሱ ብቻ ነው። ገደል ላይ ያድራል፤ ፀሐይ ስትሞቅ ወደ ሜዳው ይወጣል፤ ቀኑን ሙሉ ሣር ሲነጭ ይውላል። ዳቦ የቀመሰ ጭላዳ ግን ሰው ሲያይ መሸሽ ይተዋል። መንገድ ዳር ይጠብቃል። ሰው ካልመጣ ደግሞ የሚቀርበው ማሳ ነው። ማሳው ላይ ወንጭፍና ውሻ ይጠብቁታል። ስለዚህ በፍቅር የምንወረውረው ዳቦ መጨረሻው ድንጋይ ነው። ድንጋዩን እኔ ወርውሬዋለሁና አውቀዋለሁ።

ቁርሱን ያስቀረነው ለዚህ ነው፤ ከዳቦና ከእንቁላል ለማትረፍ አይደለም። አሁን ሻዩንም ቁርሱንም ከመነሳታችን በፊት ከተማ ውስጥ እንሰጣለን። ሜዳው ላይ ውኃ ብቻ። ውሻ ይዞ መምጣትንም ከልክለናል። በዓመት ሁለቴ ወደ መንዝ ጓሳ የሣር ሜዳ የምንሄደው ቀይ ቀበሮ ለማየት ነው፤ እሱ ደግሞ በዓለም ላይ የቀረው ቁጥሩ ከ500 የማይበልጥ እንስሳ ነው፣ ከውሻ በሚጋባ የእብድ ውሻ በሽታ ያልቃል።

ስለ ሰው ቁጥሩ ደግሞ በአንኮበር መንገድ ያለውን ገመሳ ገደልን አስቡት። አፋፉ ላይ የአንኮበር ሴሪን የምትባል ወፍ አለች። ትንሽ ናት፣ ቡናማ፣ ሽንትርትር ያለባት፤ ካልተጠቆማችሁ አታዩዋትም። ለሳይንስ የታወቀችው በ1976 እ.ኤ.አ. እዚሁ አንኮበር አካባቢ ነው። በኋላ ሰሜን ተራራም ታይታለች እንጂ ለረጅም ጊዜ የሚያውቃት የእኛ ገደል ብቻ ነበር። 46 ሰው እየተንጫጫ አፋፉ ላይ ሲቆም ወፏ ትነሳለች፣ ትሄዳለች። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ተጉዘው የመጡ እንግዶች ምንም ሳያዩ የተመለሱባቸው ቅዳሜዎች ብዙ ናቸው። ባለፈው ሳምንት በ12 ሰው ስንሄድ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ቀድሞኝ አያት። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አገኘኋት» አለኝ። ለዚህች ቃል ስል ነው ይህን ሥራ የምሠራው።

«ሰው መገደብ ከየት የመጣ ነው?» ላላችሁኝ ደግሞ፣ ከሩቅ የመጣ አይደለም። መንዞች ጓሳን የጠበቁት በመገደብ ነው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባለው የመንዝ የሣር ጥበቃ ሥርዓት ሣሩ እስኪደርስ ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ ከብት አይገባም፣ ማጭድ አይገባም። ሲከፈት ሁሉም በወጉ ያጭድ፣ ቤት ይከድን፣ ገመድ ይገምድ ነበር። ሥርዓቱ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ፈረሰ። ሕዝቡ ግን ሙሉ በሙሉ አልተወውም፤ ዛሬም ጓሳን በማኅበረሰብ ጥበቃ ይዞታል። ጓሳ ሲዘጋ ማንም «ተባረርኩ» አላለም።

አሁን ስለ ገንዘቡ። ከ300 ወደ 450 ብር መጨመሩ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ የአስተማሪ ደመወዝ ምን ያህል እንደሆነ ባለቤቴ አስተማሪ ስለሆነች አልስተውም። ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 46 ሰው በ300 ብር 13,800 ነው። 12 ሰው በ450 ብር 5,400 ነው። ያኔ የሚኒባሱም ወጪ ይበዛ ነበር፤ ቢሆንም የሚተርፈኝ ከዛሬው ይበልጥ ነበር። ሀብታም ፍለጋ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩን አልቀንስም ነበር። ነዳጅ ጨምሯል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው ሲለወጥ ከውጭ የሚመጣው ባይኖኩላር የማይቀመስ ሆኗል፤ የተሰበሩትን ሁለቱን እስካሁን አልተካሁም። ከ450ው ላይ ደግሞ 50 ብር ማሳቸው መንገዳችን ላይ ላሉ ገበሬዎች እንከፍላለን። ይህ ድሮ አልነበረም። መኖር ነበረበት።

መንገድ አልመች ብሎ ለወራት መውጣት ባልቻልንባቸው ጊዜያት ይህን ቤት ያቆያችሁት እናንተ ናችሁ። የሐሙስ ማታ ወግ ላይ ባና ለብሳችሁ ትመጡ ነበር። አንድ ሻይ ጠጥታችሁ የአምስት ሻይ ትከፍሉ ነበር። አልረሳሁትም። እናንተን አባርሬ የማተርፈው ምንም የለኝም።

የሐሙሱ ወግ እንደ ድሮው በነፃ ነው፣ ቁጥሩም አልተገደበም። በሐምሌ ከልጆች ጋር የኮሶና የወይራ ችግኝ የምንተክልበት ቀንም እንዲሁ። ከስድስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች አይከፍሉም። ከ2015 በፊት ጀምሮ አብራችሁን የነበራችሁ እስከ ጥር መጨረሻ በ300 ብር ትጓዛላችሁ። ቅዳሜ ለሞላባችሁ እሑድ ከሰዓት ሁለተኛ ጉዞ ጀምረናል። ምዝገባው እስከ ሐሙስ ማታ ነው፤ ስልክ ለሌላችሁ ቢሮ መጥታችሁ ስማችሁን ማስጻፍ ትችላላችሁ። በሩ ላይም በትልቁ ለጥፈነዋል።

ጥቅምት 15 የተመለሱት ሦስቱ ቤተሰቦች ጥቅምት 29 ቅዳሜ ቦታቸው ተይዟል። ክፍያ የለውም። ሚኒባሱ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ይነሳል፤ ልጆቹን በደንብ አልብሱልኝ። ከግሩፑ የወጣኸው ወንድሜ፣ ያንተም ቦታ አለ። ሳትመጣ ሌላ ሰው አላስቀምጥበትም።

አክባሪያችሁ፣
የድርጅቱ ባለቤት