የፈተና ሳምንት ጥናትና የቅዳሜው ኢፍጣር

አሰላሙ ዓለይኩም ወንድሞችና እህቶች፣

እስከ ሐሙስ ማታ ሁለት ነገር መወሰን አለብን፤ የፈተናው ሳምንት የጥናት ሰዓትና የቅዳሜው የጋራ ኢፍጣር።

እስካሁን የምናጠናው ከተራዊሕ (ከረመዳን የማታ ሶላት) በኋላ ነው። ብዙዎቻችን እንቅልፍ እየጣለን፣ ሱሑርም (ከጾም በፊት የሚበላው የሌሊት ምግብ) እያመለጠን ነው። ስለዚህ ጥናቱ ወደ ጠዋት ይዙር እላለሁ። ሱብሒ ከሰገድን በኋላ አንተኛ፤ ከ12 እስከ 2 ሰዓት 6 ኪሎ በተለመደው ክፍል እናጥና። ሆዳችን ገና ባዶ አልሆነም፣ ጭንቅላታችንም ንቁ ነው። ከዙሁር በኋላ ትንሽ ማረፍ ይቻላል። ተራዊሕ ሱንና እንጂ ግዴታ አይደለም፤ ፈተና ያለበት ሰው ዶርሙ ውስጥ አሳጥሮ ቢሰግድ ማንም አይውቀሰው። መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ሐኪም አማክሩ፤ ለታመመ ሰው ጾሙን ትቶ ሌላ ጊዜ ቀዷ ማውጣት (ያለፈውን ቀን መጾም) በቁርኣን የተፈቀደ ነው። እባካችሁ ተሸማቃችሁ ራሳችሁን አትጉዱ።

ኢፍጣሩ ፒያሳ፣ ኑር መስጂድ አካባቢ አንድ አባላችን ቤት ነው። 11፡30 እንገናኝ፤ መግሪብ 12፡40 ገደማ ነው። ወንዶች ተምርና ውሃ፣ ሴቶች ሳምቡሳ፤ ሾርባው ከቤቱ ነው። ሁዳዴ የያዙ የዶርም ጓደኞቻችንንም ስለጋበዝን ሳምቡሳው የምስር ብቻ ይሁን። በሥጋ እንዳይቀላቀል አደራ!

«ጠዋት» ወይም «ማታ» ብላችሁ መልሱልኝ። ለኢፍጣሩ የምትመጡም ስንት እንደምትሆኑ ጨምሩበት፤ አድራሻውን በውስጥ እልካለሁ።