ሂልበርት በፓሪስ ያነሳው 10 ጥያቄ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በደብረ ብርሃን የሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ መምህር ነኝ። በትምህርት ዓምዳችሁ ስለ ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ዴቪድ ሂልበርት የወጣውን ጽሑፍ ለሒሳብ ክበብ ልጆቼ አነበብኩላቸው። «በፓሪስ ጉባኤ 23 ጥያቄዎች አቀረበ» ይላል፤ በጊዜው መልስ ያልተገኘላቸው የሒሳብ ጥያቄዎች ማለት ነው። አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ «መምህር፣ ንግግሩ ራሱ የት ይገኛል?» አለችኝ። መጠየቅ ያለበትን ነው የጠየቀችው፤ ጽሑፋችሁ ግን ስለዚህ ያለው ነገር የለም።

ሂልበርት እ.ኤ.አ. ኦገስት 8 ቀን 1900 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው) በዓለም አቀፉ የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ላይ በቃል ያነሳው 10ሩን ብቻ ነው። 23ቱ ተሟልተው የወጡት በዚያው ዓመት በጀርመን ከተማ በጎቲንገን በታተመው ጽሑፍ ነው። የሜሪ ዊንስተን ኒውሰን የእንግሊዝኛ ትርጉም በ1902 በአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ቡለቲን ወጣ፤ ዛሬ በስልክ ያለ ክፍያ ይወርዳል። እኔም ፎቶ ኮፒ ቤት አስጠርዤ ለክበቡ ሰጠሁ። በሒሳብ መቼም ሊታወቅ የማይችል ነገር የለም ማለቱን ልጆቹ ከሰውየው ከራሱ አነበቡት። ስለ እሱ ሌላ ሰው የጻፈውን መቶ ጊዜ ቢያነቡ ይህን አያገኙም።

ፈላጊን የሚያሳስተው አብዛኛውን ጊዜ ዓመቱ ነው። ሌላው ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ በርንሃርድ ሪማን ስለ ጂኦሜትሪ መሠረቶች የተናገረው በ1854 ነው፤ በዚያ ዓመት ኅትመት የሚፈልገው ግን ባዶ እጁን ይመለሳል። ሪማን በ1866 ሞተ። ንግግሩን የሒሳብ ሊቁ ዴዴኪንድ ለኅትመት ያበቃው በ1868፣ መቅደላ በወደቀችበት ዓመት ነው፤ ለእኛ ለሸዋ ሰዎች ይህ ዓመት አይጠፋንም፣ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ነበሩ። የእንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ የክሊፎርድ የእንግሊዝኛ ትርጉም በ1873 «ኔቸር» መጽሔት ላይ አለ። የጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ የፌሊክስ ክላይን የ1872 «የኧርላንገን ፕሮግራም»፣ ስለ ጂኦሜትሪ የጻፈው፣ ደግሞ ጭራሽ ንግግር ሳይሆን ታትሞ የታደለ ጽሑፍ ነው፤ በመድረክ የተናገረው ስለ ሒሳብ ትምህርት ነበር።

ከ1897ቱ የዙሪክ ጉባኤ ጀምሮ ያሉትን የጉባኤ ጥራዞች ዓለም አቀፉ የሒሳብ ኅብረት በድረ ገጹ በነፃ አስቀምጧቸዋል። መንዝ ወይም መርሐቤቴ ያለ መምህር በቅርቡ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት የለውም፤ ስልክ ግን አለው። የትኛውን ጥራዝ፣ በየትኛው ዓመት እንደሚፈልግ የሚነግረው ሰው ነው ያጣው።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፦ ስለ አንድ ታዋቂ ንግግር ስትጽፉ የት እና መቼ እንደታተመ አንድ መስመር ጨምሩበት። የሂልበርትን ንግግር መግቢያ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው፤ በዓምዱ ቦታ ከሰጣችሁኝ እልክላችኋለሁ።

የሒሳብ መምህር
ከደብረ ብርሃን