የሳይንስ ክበብ ዘገባ፦ ለታመሙ ዓሦች ቫይረስ?

ዘንድሮ ክበባችን ያቀደው ሳሙና ማምረትና የውሃ ማጣሪያ መሥራት ነበር። ዕቅዱን ያስቀየረችን አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። አጎቷ ከጅማ ወጣ ብሎ ባለች ኩሬያቸው ቆሮሶ ያረባሉ። ዓሦቹ ቆዳቸው ቀልቶ ይቆስላል፣ ክንፋቸው ይበላል፣ ከዚያ ይሞታሉ። ሰውየው ቢጨንቃቸው ቴትራሳይክሊን የሚባል የሰው አንቲባዮቲክ ከመኖ ጋር ቀላቅለው ሰጧቸው። "ቲቸር፣ ሌላ መላ የለውም?" አለችኝ። ሳሙናው በዚያው ቀረ።

እንዲህ ያለ ቁስል ከሚያመጡት አንዱ ኤሮሞናስ ሃይድሮፊላ የሚባል ባክቴሪያ ነው። በወንዝና በኩሬ ውሃ ውስጥ በተፈጥሮ ይኖራል። የሚበረታው ዓሣው ሲጨናነቅ፣ ኦክስጅን ሲያጥረው ወይም ቆዳው ሲላጥ ነው። በዓይን አይቶ "እሱ ነው" ማለት ግን አይቻልም፤ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። በግምት የሚሰጥ አንቲባዮቲክ በጣም ያሳስበኛል። የተወሰነው ውሃው ውስጥ ይቀራል፤ እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎችም መድኃኒቱን ይለምዱታል። ያው መድኃኒት ደግሞ ለሰውም የሚሰጥ ነው።

ልጆቹ ሲያነቡ ያገኙት ሌላ መላ ባክቴሪዮፌጅ ነው፤ ባጭሩ ፌጅ። ባክቴሪያን ብቻ የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ትዎርት በ1915፣ ፓሪስ ይሠራ የነበረው ፌሊክስ ዴሬል በ1917 እ.ኤ.አ. ለየብቻ ደረሱበት። ፔኒሲሊን ገና አልተገኘም ነበር። ፌጁ ባክቴሪያው ላይ ይለጠፋል፣ ዲኤንኤውን ያስገባል፣ እዚያው ይባዛል፣ በመጨረሻ ባክቴሪያውን አፈንድቶ ይወጣል። በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች በሽታ አምጪ ባክቴሪያ በተሰጣቸው የእርባታ ዓሦች ላይ ሞክረውታል። ፌጅ ያገኙት ካላገኙት በተሻለ ተርፈዋል።

ልጆቹን ከሁሉ በላይ የሳባቸው መራጭነቱ ነው። አንድ ፌጅ የሚያጠቃው አንድን የባክቴሪያ ዝርያ፣ አንዳንዴም ከዚያ ውስጥ ጥቂቱን ብቻ ነው። ለወላጆች ቀን ይህንን ድራማ አደረጉት። ፌጅ የሆነው ልጅ በዓሦቹና በጥሩዎቹ ባክቴሪያዎች መሃል ማንንም ሳይነካ አልፎ ቀይ ሻሽ ያሰረችውን በሽታ አምጪ ብቻ ያዘ። ቀጥሎ የመጣችው ግን ሻሿን ፈታች፤ አለፋት። ባክቴሪያ የላይ ገጹን ቀይሮ ከፌጅ የሚያመልጠው እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ፌጅ መድረክ ላይ ወጣ። ተመራማሪዎች ብዙ ጊዜ የተለያዩ ፌጆችን የሚቀላቅሉት ለዚህ ነው። ድራማው በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ስለነበር አያቶችም ጭምር ተከታትለውታል። በጣም ኮራሁባቸው።

በሽታ አምጪ ባክቴሪያ በትምህርት ቤት አላራባንም፤ ቦታው አይደለም። በምትኩ የፌጅ ቆጠራን በወረቀት ተለማመድን። ባክቴሪያ በበቀለበት ሳህን ላይ አንድ ፌጅ የጀመረው ጥፋት አንድ ጥርት ያለ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ሚሊዮን ጊዜ ከቀጠነ ናሙና 0.1 ሚሊ ሊትር ወስደን 52 ነጥብ ብናይ፣ በዋናው ናሙና አንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ 520 ሚሊዮን ፌጅ አለ ማለት ነው። ሒሳብ የሚፈሩ ልጆች ይህን ሰሌዳ ላይ እየተሻሙ ሠሩት።

በሁለተኛው መንፈቅ ወደ ኩሬው ሄድን። አጎቷ ቡና አፍልተው ጠበቁን። "እሺ፣ መድኃኒቱስ?" አሉ። "ጋሼ፣ ይዘን አልመጣንም" አለቻቸው አንዷ፤ የሚስማማው ፌጅ ብዙ ጊዜ ባክቴሪያው ካለበት ውሃ እንደሚገኝ፣ እሱንም ለይቶ መሞከር የላቦራቶሪ ሥራ መሆኑን አስረዳች። ከዚያ ዛሬውኑ የሚቻለውን ተነጋገሩ፦ የዓሦቹን ቁጥር መቀነስ፣ የተረፈ መኖ ማውጣት፣ የሞተውን ቶሎ ማንሳት፣ ውሃውን ማደስ። ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ሥራ ይህ ነበር። የተበላሸ ውሃ ውስጥ የትኛውም ፌጅ ብቻውን ዓሣ አያድንም።

በመጪው ዓመት የኩሬውን ሙቀትና ፒኤች (የውሃውን አሲድነት መጠን) በየጊዜው እየለካን መመዝገብ እንፈልጋለን። ቴርሞሜትር አለን፤ የፒኤች ወረቀት የለንም። መርዳት የሚችል ወላጅ ቢኖር ደስ ይለናል። የ12ኛ ክፍል አባሎቻችን ስለሚለቁ አዲስ አባላት መስከረም ላይ በባዮሎጂ ክፍል እንመዘግባለን።