ለደንበኞቻችን፦ የባትሪ ፊውዙን ከዋጋው ላይ ለምን አንቀንስም?

ውድ ደንበኞቻችን፣ ጤና ይስጥልን።

ዋጋ ስናቀርብ ደጋግማችሁ የምትጠይቁን ነገር አለ። «ይሄ የባትሪ ፊውዝ የምትሉት ለምንድን ነው እንዲህ የተወደደው? ቢቀርስ?» ትሉናላችሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ፓነሉ ጣሪያ ላይ ይታያል፣ ኢንቨርተሩ የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ ወደሚሆን ኃይል ቀይሮ መብራት ያበራል፣ ባትሪው ሌሊቱን ያሻግራል። ፍሰት ከልክ ሲያልፍ ቀልጦ መስመሩን የሚቆርጠው ፊውዝ ግን ለዓመታት ምንም ሲሠራ አይታይም። መልሳችን ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሌላ የሚቀነስ ነገር ካለ እንቀንሳለን፣ ፊውዙን ግን አንቀንስም። በስልክ ተጣድፈን የምንሰጠው መልስ ስለማያጠግብ ምክንያቱን እዚህ ላይ ዘርዘር አድርገን ጽፈናል። በተለይ ከተከላው በኋላ በራሳችሁ ባትሪ የጨመራችሁ ወይም ኢንቨርተር የቀየራችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልን።

ሶላር ሲባል ብዙ ሰው የሚፈራው ፓነሉን ነው። ፓነል በርግጥ ይነዝራል፤ ብዙ ሆኖ በተከታታይ ሲያያዝ ቮልቴጁ የሚናቅ አይደለም። በአምፔር፣ ማለትም በፍሰቱ መጠን፣ በኩል ግን ልክ አለው። አንድ ባለ 550 ዋት ፓነል ፀሐይ በደንብ በወጣበት ቀን 13 አምፔር ገደማ ይሰጣል። ሁለቱ ሽቦዎቹ ተነካክተው ሾርት ቢያደርጉ 14 አካባቢ ይደርሳል፣ አለቀ። ፀሐይዋ ከሰጠችው በላይ ከየትም አያመጣም። ባትሪ እንዲህ አይደለም። ያጠራቀመውን ባንዴ ልልቀቅ ቢል የሚይዘው የለም።

በቁጥር እንየው። ጥሩ ይዞታ ላይ ያለ ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፔር ሰዓት አሲድ ባትሪ ውስጣዊ መቋቋሙ 4 ሚሊ ኦም ነው እንበል። ሾርት ካደረገ ሒሳቡ 12ን ለ0.004 ማካፈል ነው፤ 3,000 አምፔር ይወጣል። ገመዱና ማያያዣው ትንሽ ይቀንሱታል እንጂ አያድኑም። የቤት ሶኬት ብሬከር 16 ወይም 20 አምፔር እንደሆነ አስቡ። አራት ባትሪ በተከታታይ አያይዛችሁ 48 ቮልት ብታደርጉት ቮልቴጁም መቋቋሙም እኩል ስለሚያድግ ያው 3,000 ነው። አራቱን በፓራለል ጎን ለጎን ብታያይዟቸው ግን 12,000 ይሆናል።

ይህ በተግባር ምን እንደሚመስል በሱሉልታ አቅጣጫ አንድ የዶሮ እርባታ ውስጥ አይተናል። ተከላው የእኛ አልነበረም፤ የተጠራነው ነገሩ ከተበላሸ በኋላ ነው። ከባትሪው ወደ ኢንቨርተሩ የሚሄዱት ሁለቱ ገመዶች በቆርቆሮ ግድግዳ ላይ በተበሳ አንድ ቀዳዳ ያልፋሉ። ቀዳዳው ጠርዙ ላይ ምንም መከላከያ የለውም። ነፋስ በመጣ ቁጥር ቆርቆሮው ይነቃነቃል፣ የቆርቆሮው ስለት ደግሞ የገመዱን ልባስ ይበላል። አንድ ቀን ሁለቱንም መዳቦች ነካቸው። ስንደርስ ከቀዳዳው እስከ ባትሪው ድረስ ያለው ልባስ ተቃጥሎ አልቋል፣ መዳቡ ጠቁሯል፣ ቆርቆሮው ላይ የቀለጠ መዳብ ጠብ ጠብ ብሎ ደርቋል። የባትሪው የእርሳስ ራስ እንደ ሻማ ፈስሷል። ፊውዝ አልነበረም። ፍሰቱ የቆመው እርሳሱ ቀልጦ ከገመዱ ስለተለያየ ብቻ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ባይሆንና የዶሮዎቹ ጭድ እዚያው ተከምሮ ቢሆን ኖሮ ወሬው ሌላ ይሆን ነበር።

ስለዚህ የባትሪ ፊውዝ ዋና ሥራው ኢንቨርተሩን ማዳን አይደለም። የሚጠብቀው ገመዱን ነው፣ በገመዱ በኩል ደግሞ ቤቱን። ይህ ከገባን የፊውዙ መጠን እንዴት እንደሚመረጥ መረዳት ቀላል ነው። ፊውዙ ኢንቨርተሩ በደህናው ጊዜ የሚፈልገውን አምፔር ማሳለፍ አለበት፤ ገመዱ ከሚችለው ግን መብለጥ የለበትም።

3,000 ዋት ኢንቨርተር በ48 ቮልት ባትሪ ይሠራል እንበል። ስናሰላ የምንጠቀመው 48ን ሳይሆን ባትሪው ሲደክም የሚወርድበትን 44 ቮልት ነው። ኢንቨርተር ቮልቴጅ ሲወርድበት ያንኑ ዋት ለማውጣት ብዙ አምፔር ይስባል፤ ክረምት ላይ ደመናው ሲከብድ በየማታው የሚሆነው ይኸው ነው። 3,000ን ለ44፣ ከዚያም ለ0.9 (ኢንቨርተሩ የሚያባክነው አለና) ስናካፍል 76 አምፔር ገደማ ይመጣል። በዚያ ላይ ሩብ እንጨምርና 95 ይሆናል፤ የምንገጥመው 100 አምፔር ፊውዝ ነው። ገመዱ ባለ 35 ሚሊ ሜትር ካሬ ይሆናል። ያው 3,000 ዋት በ24 ቮልት ቢሆን 200 አምፔር ፊውዝ፣ በ12 ቮልት ቢሆን 400 አምፔር ይጠይቃል። ከፍ ላለ ጭነት 48 ካልሆነ ብለን የምንከራከራችሁ ለዚህ ነው።

አሁን ምጣዱ ይመጣል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይፈልጋል። ባለ 3,000ው ኢንቨርተር አልችልም ብሎ ሲጠፋ ባለ 5,000 ተገዝቶ በዚያው ገመድ ላይ ይገጠማል። 5,000 ዋት በ44 ቮልት 126 አምፔር ገደማ ነው። ይህን ያህል ሲሳብበት ባለ 100ው ፊውዝ ይዋል ይደር እንጂ ይቀልጣል። ከዚያ «ፊውዙ ደካማ ነው» ይባልና 200 ይገባል። ፊውዙ ግን ደካማ አልነበረም፣ ሥራውን ነው የሠራው። 200 አምፔር ፊውዝ ባለ 35 ገመድን አይጠብቅም፤ ገመዱ እየጋለ ልባሱ እየተበላሸ ፊውዙ ዝም ይላል። ምጣድ አትጠቀሙ እያልን አይደለም። ምጣድ ከመግዛታችሁ በፊት ንገሩን፣ ገመዱንና ፊውዙን አብረን እንቀይራለን። ለ5,000 ዋት እኛ የምንዘረጋው ባለ 70 ገመድ ከ160 አምፔር ፊውዝ ጋር ነው።

ስለ ዋጋው ደግሞ ግልጽ እንሁን። ገበያ ላይ 100 የሚል ርካሽ ፊውዝ ሞልቷል። ልዩነቱ ያለው ከ100ው አጠገብ በትንሹ የተጻፈው ሌላ ቁጥር ላይ ነው፤ ፊውዙ በደህና ሊቆርጠው የሚችለው ትልቁ አምፔር ማለት ነው። ፊውዝ መቅለጡ ብቻ አይበቃም፣ ሲቀልጥ የሚነሳውን የእሳት ቅስት ማጥፋት አለበት። 3,000 አምፔር ሲመጣበት ማጥፋት ያልቻለ ፊውዝ ይፈነዳል፣ ወይም ሽቦው ቀልጦም ፍሰቱ በአየር ላይ ይቀጥላል። የመኪና ሙዚቃ ማጉያ ላይ የሚገጠመው ኤ ኤን ኤል የሚባለው ፊውዝ በአብዛኛው ለ32 ቮልት የተሠራ ነው፤ 48 ቮልት ባትሪ ላይ ቦታው አይደለም። ባትሪው ራስ ላይ የሚታሰረው ኤም አር ቢ ኤፍ የሚባለው ፊውዝ በ14 ቮልት እስከ 10,000 አምፔር ይቆርጣል፤ በ58 ቮልት ግን አቅሙ 2,000 ብቻ ነው። ክላስ ቲ የሚባለው ፊውዝ በዲሲ (አቅጣጫውን በማይቀያይረው የባትሪ ፍሰት) እስከ 20,000 አምፔር የሚቆርጥ ነው። ለሊቲየምና ለትልልቅ ባትሪዎች እሱን የምንመርጠው በዚህ ምክንያት ነው፣ ዋጋውም የሚወደደው በዚሁ ነው።

«የቤት ብሬከር ብናስገባስ?» የምትሉም አላችሁ። የቤት ብሬከር የተሠራው ለኤሲ፣ ማለትም አቅጣጫውን ለሚቀያይረው የቤት መብራት ፍሰት ነው። የኤሲ ፍሰት በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮ ስለሚነካ ቅስቱ እዚያው ይሞታል። የባትሪ ዲሲ ዜሮ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ብሬከሩ ቢከፈትም ቅስቱ ውስጥ ለውስጥ እየነደደ ሊቆይ ይችላል። ፊቱን አይታችሁ መለየት ትችላላችሁ። ሞገድ የመሰለች ምልክት ካለችው የኤሲ ነው። ቀጥ ያለ መስመር ከሥሩ የተቆራረጠ መስመር ካለው ዲሲ ነው። ዲሲም ሆኖ የመደመርና የመቀነስ ምልክት የተጻፈበት ብሬከር አለ፤ ፍሰትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው በደህና የሚቆርጠው። ባትሪ ቀን ይሞላል ማታ ይሰጣል፣ ፍሰቱ ወዲያም ወዲህም ነው። እንዲህ ያለውን ለባትሪ አንጠቀምም።

ከኛ አካባቢ ጋር የሚሄድ አንድ ነገር እንጨምር። የብሬከሮች አቅም በአብዛኛው የሚነገረው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ነው። አዲስ አበባና ዙሪያዋ፣ ሱሉልታም ሰንዳፋም፣ ከዚያ በላይ ናቸው። አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ሙቀት በደንብ አያወጣም፣ ቅስትም ቶሎ አያፈንም። ስለዚህ ለኛ ቦታ ዕቃ ስንመርጥ ልክክ ያለውን አንወስድም፤ የቮልቴጅም የመቁረጥም አቅሙ ተረፍ ያለውን ነው የምንወስደው።

ሊቲየም የገዛችሁ ደግሞ «ባትሪዬ የራሱ ቢ ኤም ኤስ (ባትሪውን የሚቆጣጠርና የሚጠብቅ ሰርኪት) አለው» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ጥሩ ነገር ነው። ነገር ግን ቢ ኤም ኤሱ ፍሰቱን የሚቆርጠው በትራንዚስተር ነው፤ ትራንዚስተር ሲበላሽ ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደተዘጋ፣ ማለትም እያሳለፈ ነው የሚበላሸው። እሱ ሳይሠራ ሲቀር የሚደርስ ሌላ ነገር ያስፈልጋል።

በፓራለል ባትሪ የጨመራችሁ ደንበኞች በጣም ያሳስቡናል። አንዱ ባትሪ ውስጡ ሾርት ቢያደርግ ሌሎቹ ያላቸውን ሁሉ እሱ ላይ ያፈሳሉ። ወደ ኢንቨርተሩ በሚሄደው ዋና ገመድ ላይ ያለው ፊውዝ ይህን አያይም፤ ፍሰቱ በእሱ በኩል አያልፍምና። ስለዚህ እያንዳንዱ የባትሪ መስመር የራሱ ፊውዝ ሊኖረው ይገባል። አንድ ፊውዝ ለሁሉም ይበቃል ያላችሁ ሰው ካለ በዚህ ጉዳይ አትስሙት።

የፊውዙ ቦታም ከባትሪው ፖዘቲቭ ራስ አጠገብ ነው። ኢንቨርተሩ ጋ ብታስሩት በመካከል ያለው ገመድ ጠባቂ የለውም። ውሃ የሚጨመርበት አሲድ ባትሪ ግን ሲሞላ ሃይድሮጅን ያወጣል። ሃይድሮጅን አየሩ ውስጥ 4 በመቶ ከደረሰ በብልጭታ ይፈነዳል። ስለዚህ ፊውዙን ቅርብ፣ ነገር ግን ከተዘጋው የባትሪ ሳጥን ውጪ እናደርገዋለን።

ፊውዝ የማያየው ነገርም አለ። የላላ ብሎን በተለመደው አምፔር ይግላል፤ አምፔሩ ስላልበዛ ፊውዙ ምንም አይልም። የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተታችሁ፣ ወይም ማያያዣው አጠገብ ልባሱ ቀለሙን ከቀየረ ጭነቱን አጥፉና ደውሉልን። ፊውዝ ሲቀልጥም ምክንያቱ ሳይታወቅ ሌላ አታስገቡ። የመዳብ ሽቦ ጠቅልሎ ማስገባት የሚባለውን ደግሞ እባካችሁ፣ ለአንድ ማታም ቢሆን አታድርጉት።

ክረምቱ ሳይገባ ሁላችሁንም ማየት እንፈልጋለን። ምንም ሳትፈቱ፣ ሳትነኩ፣ በእጅ ስልካችሁ ሦስት ፎቶ አንሱልን። አንዱ ባትሪዎቹ በሙሉ ከነገመዳቸው የሚታዩበት ይሁን። ሁለተኛው ፊውዙ ወይም ብሬከሩ ላይ ያለው ጽሑፍ የሚነበብበት፣ ሦስተኛው ገመዱ ላይ የታተመው ቁጥር። ፊውዝ ካላገኛችሁ «የለም» ብላችሁ ጻፉልን፣ እናንተን እናስቀድማለን። ለፍተሻው አናስከፍልም። የሚቀየር ዕቃ ካለ ዋጋውን ቀድመን እንነግራችኋለን። የለገጣፎና የሰንዳፋ መስመር ማክሰኞና ሐሙስ፣ ሱሉልታ ቅዳሜ ነው። ስንመጣ ለአንድ ሰዓት ያህል መብራት ስለምናጠፋ ፍሪጅ ውስጥ መድኃኒት ወይም ክትባት የምታስቀምጡ ቀድማችሁ አሳውቁን።

ከአክብሮት ጋር፣
የሶላር ተከላና ጥገና ቡድናችሁ
ለገጣፎ