ቮልሷን ከመሸጥህ በፊት

ሰላም ወንድሜ፣ እንዴት ከርመሃል? እማማስ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? ይህን ሁሉ ጊዜ ተጠፋፍተን ድንገት ስምህን ስልኬ ላይ ሳየው በጣም ደስ አለኝ። የኔ ወሬ ብዙ ነው፤ እሱን በአካል ስንገናኝ እንጨርሰዋለን። አሁን የምጽፍልህ ግን "ከዚህ በላይ አልችልም፣ ልሸጣት ነው" ስላልከው ነገር ነው። የጋሼን ቮልስ! ሁለታችንም መንዳት የለመድንባትን! እባክህ ትንሽ ቆይ፣ መጀመሪያ ይህንን አንብብ።

ያልከኝ እንዲህ ነው። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ከአዳማ ቢሾፍቱ ድረስም ሳትንገራገር ትሄዳለች። ቤንዚን ቀድተህ ስትመለስ ግን ቁልፉን ብታዞረው "ቀጭ" ብላ ዝም፣ አንዳንዴም እሱም የለም፤ ሻይ ጠጥተህ ስትመለስ ደግሞ ምንም እንዳልነካት ሰው ትነሳለች። ጋራዥ ያሉትም አዲስ ሞተሪኖ፣ ማለትም ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳውን ክፍል፣ ግዛ አሉህ።

አትግዛ። ቢያንስ ሳትለካ አትግዛ። ይህ ችግር የቮልስ የታወቀ በሽታ ነው፣ ያንተ ብቻ እንዳይመስልህ። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጥፋቱ የሞተሪኖው ሳይሆን ወደ እሱ የሚሄደው የቀጭኗ ሽቦ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተሪኖው ላይ የተጫነች ሶሌኖይድ የምትባል ክፍል አለች። ቁልፉን ስታዞር መጀመሪያ የምትሠራው እሷ ናት፤ ውስጧ ያለው የመዳብ ጥምጥም ማግኔት ይሆንና የሞተሪኖውን ጥርስ ወደ ፍላይዊሉ (ከሞተሩ ጋር ወደሚዞረው ጥርሳም ክብ ብረት) ይገፋዋል፣ ከዚያ ትልቁን መብራት (ኤሌክትሪኩን) ለሞተሪኖው ትለቅለታለች። መዳብ ሲሞቅ ግን መብራት የማሳለፍ አቅሙ ይቀንሳል። ከ20 ዲግሪ ወደ 100 ዲግሪ ሲደርስ ተቃውሞው በ30 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ስለዚህ ማግኔቱ ይደክማል። የቮልስ ሞተሪኖ ደግሞ ያለው ከኋላ፣ በቀኝ በኩል፣ ሞተሩና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ከሚገናኙበት ቦታ ነው፤ ጭስ ማውጫውም ቅርቡ ነው። ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ስለሆነ ስታጠፋው ማራገቢያውም አብሮ ይቆማል፣ ሙቀቱም መሄጃ ሲያጣ ዙሪያውን ወዳለው ብረት ሁሉ ይገባል። ከቆምክ በኋላ ለጥቂት ደቂቃዎች ሞተሪኖው እየሞቀ እንጂ እየቀዘቀዘ አይሄድም። ለዚህ ነው አጭር ማረፊያ ላይ የምትከዳህ፣ ብዙ ስትቆይ ደግሞ የምትታረቅህ።

ሙቀቱ ብቻውን ግን አይበቃም። ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው አይደል? ሶሌኖይዷን የሚያዘው መብራት ከዚያ ተነስቶ ፊት ለፊት ድረስ ይሄዳል፣ በቁልፉ ያልፋል፣ ከዚያ እንደገና ወደ ኋላ ይመለሳል። መኪናዋን ከዳር እስከ ዳር ሁለቴ አቋረጠ ማለት ነው! ሽቦው አርጅቷል፣ ማያያዣዎቹ ዝገዋል፣ ቁልፉ ውስጥ ያለው መገናኛም ተበልቷል። ረጅም ቀጭን ጎማ ውስጥ እንደሚሄድ ውሃ ጉልበቱ መንገድ ላይ ያልቃል። ቀዝቃዛ ሶሌኖይድ በዚያ በተረፈው ትሠራለች፣ የሞቀችው ግን አትችልም።

ስለዚህ አንድ ቴስተር (የቮልት መለኪያ) ተዋስና ልካ፤ ግን ስትሞቅና እምቢ ስትል ነው የምትለካው፣ ስትቀዘቅዝ ብትለካ ሁሉም ደህና ይመስልሃል። ባትሪው ሳይነካ 12.6 ቮልት አካባቢ መሆን አለበት፣ ሞተሪኖው ሲያዞር ደግሞ ከ9.6 መውረድ የለበትም። ከዚያ ሶሌኖይዷ ላይ ቀጭኗ ሽቦ የምትገባበትን፣ 50 የሚል ቁጥር ያለበትን ቦታ ፈልግ። ሌላ ሰው ቁልፉን ሲያዞር እዚያና በሞተሪኖው ብረት መካከል ያለውን ቮልት እይ። ባትሪው ላይ 12 እያለ እዚያ 8 ወይም 9 ካገኘህ ሌባው ተያዘ።

ሌላው ቀላል ምልክት የውስጥ መብራት ነው። አብርተህ ቁልፉን አዙር። "ቀጭ" እንኳን ሳይል መብራቱ እንደበራ ከቀረ፣ ያ የነገርኩህ የቀጭኗ ሽቦ ችግር ነው። ጠንከር ያለ "ቀጭ" እያለ መብራቱ ካልደበዘዘ የሶሌኖይዷ መገናኛ ወይም የሞተሪኖው ካርቦን (ውስጡ ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው) አልቋል። መብራቱ ጭልጭል ብሎ ከጠፋ ግን ወይ ባትሪው ነው፣ ወይ ሞርሴቶው (የባትሪው ጫፍ ማያያዣ)፣ ወይ ካምቢዮውን ከቦዲው የሚያገናኘው የኔጋቲቭ ገመድ። ይቺን ገመድ ማንም አያያትም፤ ፈትተህ በአሸዋ ወረቀት አጽዳት። ሞተሪኖው ደህና እያዞረ ሞተሩ የማይነሳ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ወደ ቤንዚንና ወደ ኮይል (ለካንዴላው ብልጭታ ወደሚሰጠው) ሂድ።

ቀጭኗ ሽቦ ከሆነች መፍትሔው ሪሌ ነው፤ በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዞ ትልቁን የሚያገናኝ ማብሪያ ማጥፊያ ማለት ነው። ለፊት መብራት የሚሆነው ባለ አራት እግሩ፣ 30 ወይም 40 አምፔር የሚችለው ይበቃል። እግሮቹ በቁጥር ይታወቃሉ፦ ከቁልፍ የሚመጣውን ሽቦ ከሶሌኖይዷ ነቅለህ 86 ላይ፣ 85ን ወደ ቦዲ፣ 30ን ወፈር ባለ ሽቦ በፊውዝ አድርገህ ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ 87ን ደግሞ በወፍራም ሽቦ ሶሌኖይዷ 50 ላይ። አለቀ። ከዚህ በኋላ አሮጌው ሽቦ የሚሸከመው ሪሌውን ማዘዝ ብቻ ነው፣ ዋናው ጉልበት ግን ከባትሪው በአጭር መንገድ ይሄዳል። ሪሌውን ከወንበሩ ሥር እሰረው፣ ሙቀት አጠገብ አታድርገው። መርካቶ ሶማሌ ተራ ብትሄድ ከአዲስ ሞተሪኖ ጋር በማይወዳደር ዋጋ ታገኘዋለህ።

አደራ የምልህ ነገር አለ። ሥራውን ስትጀምር መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታ፣ ምክንያቱም ሞተሪኖው ላይ ያለው ወፍራም ገመድ ቁልፉ ቢነቀልም ሁሌ መብራት አለው። ስትለካና ስትሞክር ማርሹ ዜሮ ላይ ይሁን፣ የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ይግባ፤ ቮልስ ማርሽ ውስጥ ሆና ሞተሪኖው ካዞረ ዘላ ትሄዳለች፣ ፊት ለፊቷ ሰው አይቁም። እና ያ የኋላ ወንበር! ስፕሪንጉ ባትሪው ላይ ካረፈ እሳት ያስነሳል፣ በዚህ የተቃጠሉ ቮልሶች አሉ። የባትሪውን ክዳን ካላገኘህ መብራት በማያስተላልፍ ወፍራም ጎማ ሸፍነው። ልጆቹን እዚያ ላይ ነው የምታስቀምጣቸው።

ሪሌውም አስገብተህ ስትሞቅ ጎተት ጎተት እያለች የምታዞር ከሆነ ያኔ ሞተሪኖው ይውረድ። ግን ሲያወርዱት አብረሃቸው ቁም። የሞተሪኖው ዘንግ ጫፍ የሚያርፍባት ከነሐስ የተሠራች ትንሽ ቀለበት አለች፣ ቡሽንግ የሚሏት። እሷ ከሞተሪኖው ጋር አትወጣም፣ ካምቢዮው ቤት ላይ ትቀራለች። ሳይቀይሯት አዲስ ሞተሪኖ ቢገጥሙልህ ዘንጉ እየተንጋደደ ይያዛል፣ ገንዘብህም ሜዳ ላይ ይቀራል። ብዙ "አልተሳካም" የተባለ ጥገና እዚህች ቀለበት ላይ ነው የወደቀው።

እስከዚያ መንገድ ላይ ከቆመችብህ አትጨነቅ፣ ቁልፉን ከፍተህ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ፣ ይግፉህ፣ ፍሪሲዮኑን ልቀቅ፤ ትነሳለች። ቁልቁለት ላይ ማቆም ልመድ።

ጋሼ ይቺን መኪና እንዴት እንደያዟት አንተ ከኔ በላይ ታውቃለህ። በአንዲት ሽቦ የተነሳ ከቤት እንድትወጣ አልፈልግም። የለካኸውን ቁጥርና የሞተሪኖውን ፎቶ ላክልኝ፤ ሪሌውንና ሽቦውን እኔ ከዚህ ገዝቼ በሚመጣው ቅዳሜ አዳማ እመጣለሁ፣ አብረን እንሠራታለን። ለእማማ ሰላም በልልኝ፣ ምሳ እሳቸው ጋ ነኝ በላቸው።

ወንድምህ